ተቀባይ ያጣ ዘፈን

በሕይወቴ ከብዙ ባንድ ጋር ዘፍኛለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ሃያ ሁለት ማጭድ ያለው ባንድ ነው። ሳክስፎን ነፊው ስሜት ሲይዘው እኔን መድረኩ ላይ ረስቶኝ ብቻውን ይነጉድ ነበር፤ ቻልሁት። ከበሮ መቺው ከድምፄ ጋር ጠብ ያለው ይመስል ይደበድብ ነበር፤ እሱንም ቻልሁ። ማጭድ ግን ሌላ ነው። ማጭድ ልመናም ቁጣም አይሰማም። አንድ ቀን እዚያ ማሳ ላይ በእኔ ጥፋት የሰው ጣት ተቆርጧል፤ እሱን በኋላ እደርስበታለሁ።

የተወለድሁት ሰቆጣ ዙሪያ ነው፤ ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ ገደል አፋፍ ላይ የሰፈረ መንደር። እናትና አባታችን ቀድመውን ስለሄዱ ያሳደገችኝ በሰባት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ናት። በቤታችን የምንነጋገረው በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ በኽምጣና ነበር። አማርኛን የለቃቀምሁት ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ እስከ ዛሬም ስቆጣ ቅላጼዬ ያሳብቅብኛል። እህቴ የመንደሩ ዘፈን አውጪ ነበረች። በአጨዳ ሰሞን ከመደዳው ፊት ቆማ ስታወጣ ከሸለቆው ማዶ ያሉ አጫጆች ሳይቀሩ ወገባቸውን ቀና ያደርጋሉ። እኔ ደግሞ ተቀባይዋ ነበርሁ።

በእኛ ቀዬ አንድ ልማድ አለ። አንድ ማሳ ሊታጨድ ሲል አውጪዋ መጀመሪያ እንዲህ ትላለች፦

ማጭዴን ስዬ መጣሁ በማለዳ

ይህን ጊዜ ማንም አይቀበልም። መጀመሪያ የሚቀበለው የማሳው ባለቤት ወይም የቤቱ ሰው ነው። ምላሹ የሚባለው በኽምጣና ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፦

ግቢ ከመደዳው፣ አይደለሽም እንግዳ

ከዚያ በኋላ ሁሉም ይቀበላል፣ ማጭዱም ይነሳል። የቤቱ ሰው ካልተቀበለ ዘፈን የለም፤ በዝምታ ይታጨዳል። ገብስ የቤቱን ሰው ድምፅ ለይቶ ያውቃል ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። እውነት ይሁን ተረት ጠይቄ አላውቅም። አንዳንድ ነገር ባይጠየቅ ይሻላል።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የራሳችን ማሳ ሊታጨድ በነበረበት ማለዳ፣ ከእህቴ ጎን ተነስቼ ወጣሁ። ነጋዴዎች ያመጡትን ራዲዮ አንድ ጊዜ ሰምቼ ነበር፤ ከውስጡ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ታንጎራጉር ነበር፤ ድምፅዋ ሲጨስ የዋለ ክፍል ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ እግሬ እንጂ እኔ የወሰንሁ አይመስለኝም። ከነጋዴዎቹ ጋር ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ጉዞው ሁሉ በእንቅልፍ ውስጥ ያየሁት ይመስለኛል፤ የማስታውሰው የበቅሎዎቹን ጆሮና አቧራውን ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገባሁ፤ ሰሃን አጣቢ ሆኜ። ከሰዓት በኋላ ባንዱ ሲለማመድ የወጥ ቤቱን በር በእግሬ ገርበብ አድርጌ አብሬ አንጎራጉር ነበር። አንድ ቀን ሳክስፎን ነፊው መጥቶ በሩን ከፈተው። ልባረር ነው ብዬ እጄን በሽርጤ ጠረግሁ። እሱ ግን እጄን ይዞ ወደ አዳራሹ አወጣኝ፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ።

ከውጭ የመጡ ሸክላዎች ነበሩት። ሪትም ኤንድ ብሉዝ የሚሉትንም፣ ጃዙንም፣ በየተራ እያስቀመጠ ያሰማኝ ነበር። ብሉዝ የሚሉትን መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። እንጉርጉሮ ነው እኮ፤ ልብስ ቀይሮ ነው የመጣው። የአገሬ ሴቶች ወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ የሚሉት ያንኑ ነው። ያልለመድሁት የጊዜውን አያያዝ ነበር። ሳክስፎን ነፊው ስለዚህ ነገር የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ሰው ሁሉ ምቱ ላይ ይረግጣል» አለኝ። «አንቺ ትንሽ ቆይተሽ ነይ፤ ይናፍቁሽ። ክፍት ቦታ ካየሽ ደግሞ አትለፊው፤ ግቢበት።»

ትምህርቴ ይኸው ነበር። ዘግይቼ መምጣትና ክፍት ቦታ ውስጥ መግባት። በዚህ ኖርሁ፤ በዚህም ታወቅሁ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬን ማይክራፎኑ ላይ አስጠግቼ፣ አንዷን ቃል ሦስት ቦታ አጥፌ ስመልሳት አዳራሹ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ኩራተኛ ነበርሁ፤ ኩራቱ አሁንም አልተወኝም። ሰዓት እላፊ በመጣ ጊዜ ዳንሱ ወደ ከሰዓት በኋላ ዞረ፤ በፀሐይ ብርሃን ብሉዝ መዝፈን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። መጋረጃው ይዘጋል፣ በቀዳዳው የሚገባው ጨረር ግን ወለሉ ላይ ይሄዳል፤ እኔ እሱን እየተከተልሁ እዘፍን ነበር። ከዚያ ባንዶቹ ተበተኑ፣ ተሰባሰቡ፣ እንደገና ተበተኑ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞርሁ ጎልማሳ ሆንሁ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሳክስፎኑንም፣ ከበሮውንም፣ ቤዙንም ሆኖ ቁጭ አለ። ከሸመገለች ዘፋኝ ጋር ለመሥራት ኪቦርዱ ጊዜ አልነበረውም። እሳት አመድ ወለደ አልሁና ሻንጣዬን ያዝሁ።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ጥቅምት ላይ፣ በእህል መኪና ሰቆጣ ገባሁ። ከከተማው በኋላ ያለውን መንገድ በእግሬ ሄድሁ፤ ሻንጣዬን አህያ ተሸከመልኝ። ማሳው ሁሉ ነጥቶ ነበር። ነፋሱ ገብሱን ሲያስተኛውና ሲያነሳው እያየሁ፣ ሄጄ የማላውቅ፣ አሁን ከወንዝ ውሃ ቀድቼ የምመለስ መሰለኝ። እህቴ ደጅ ላይ እህል ታነፍስ ነበር። ሰፌዱን አላስቀመጠችም። ረጅም ጊዜ አየችኝና፣ እንዴት ዋልሽ ብላ፣ የእግር ውሃ ልታመጣ ገባች።

የተኛሁት በር አጠገብ ካለው መደብ ላይ ነው፤ የእንግዳ መደብ ነው። ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ ለእኔ ነበር የሚቀርበው፣ ለብቻ። ጠላ ስትቀዳ ለእኔ ቀድታ፣ አስቀምሳኝ፣ ጠጪ ትለኝ ነበር። ስለ ሠላሳ ምናምን ዓመት አንድ ቃል አልተናገረችም። ስድብ ብጠግብ ይሻለኝ ነበር። እንደ እንግዳ መከበር እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ባሏ ሞቶ፣ ልጅ ሳይኖራት፣ መሬቱን ጎረቤት በእኩል እያረሰላት ትኖር ነበር። አጨዳው ግን እንደ ድሮው በወንፈል ነው፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ ይታጨዳል፤ ያልመጣ ሰው ማሳው ላይ ማንም አይመጣለትም። እህቴ ጉልበቷ ደክሞ ነበር። እሷ አንድ ቀን ስትቀር አንድ ሰው ይጎድላታል። እኔ ልተካት ብዬ ማጭድ ያዝሁ፤ ገና ሳይረፍድ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ የቆረጥሁት ደግሞ ከአንድ የአህያ ጉርሻ አይበልጥም። ሰዎቹ በጨዋነት አልሳቁም፤ ዞር ብለው ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወንፈሉን የሚመሩት ሽማግሌ ጠሩኝ። እህትሽ ከሄድሽ ወዲህ ዘፈን አውጥታ አታውቅም አሉኝ። ይህን መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያወጡት ወንዶቹ እየተቀባበሉ እንደነበር፣ ድምፅም ቅጥም እንደሌለው አጫወቱኝ።

«አንቺ ዘፋኝ ነሽ ይላሉ» አሉኝ። «እንግዲያስ ዝፈኚ። ዘፈን ማጭድ ያነሳል፤ ስለዚህ አንድ ማጭድ ነው። በእህትሽ ፋንታ እቆጥረዋለሁ።»

እርስዎ ካሉ እሺ አልሁ፤ በልቤ ግን ስቄ ነበር። በከተማው ትልቁ ሆቴል የዘፈነች ሴት ለአጨዳ ታንሳለች?

አነሰች። መጀመሪያ ነገር፣ አልተሰማሁም። ሠላሳ ዓመት ማይክራፎን የለመደ ድምፅ ማሳ ላይ ከአፍ ወጥቶ እዚያው እግር ሥር ይወድቃል። ሦስተኛው ሰው ምን አለች ብሎ አራተኛውን ይጠይቅ ነበር። ጮክ ስል ደግሞ ሁለተኛው ጉድ መጣ። ማጭድ ከዘፈኑ ጋር ነው የሚሄደው፤ ግራ እጅ ጭብጥ ሲያደርግ፣ ቀኝ እጅ ሲስብ፣ እኩል ነው፤ እኩል ካልሆነ መደዳው ይጠማዘዛል። እኔ ደግሞ እንደ ተማርሁት ከምቱ ኋላ ቆይቼ መጣሁ። ይናፍቁኝ ብዬ። ግማሹ ቀድሞ ሳበ፣ ግማሹ እኔን ጠበቀ፣ አንዱ ጎልማሳ እጁን አንስቶ የት ሄደች ብሎ ቀና ሲል የጎኑ ሰው ማጭድ ትንሿን ጣቱን አገኛት።

ጣቱ ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ጫፉ ነው። ሰውዬውም ቂም አልያዘም። በኋላ ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ጣቱን ቀስሮ፣ ይህቺ ያንቺ ዘፈን ናት እያለ ሰው ያስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ከቋጥኝ ጀርባ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጨበጨቡልኝ ነገር እዚህ ሰው ይቆርጣል።

በሦስተኛው ሳምንት የእኛ ማሳ ተራ ደረሰ። ሁሉም መደዳውን ይዞ ቆመ። እህቴ ደካማ ብትሆንም ማጭዷን ይዛ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። እኔ ከፊት ቆሜ ዐይኔን ጨፈንሁና ማጭዴን ስዬ መጣሁ በማለዳ አልሁ። በደንብ ነው ያልሁት፤ ማለዳን አንስቼ፣ አጥፌ፣ ረጅም አድርጌ። ከዚያ ዝም። ዐይኔን ስገልጥ እህቴ ጎንበስ ብላ ማጨድ ጀምራለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጎንበስ አሉ። ማሳው በዝምታ ታጨደ፤ የሚሰማው ገለባው ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ። ጭብጨባ አልነበረም፤ ያንን ጠግቤዋለሁ። እህቴ አንድ ጊዜ እንድትቀበለኝ። በኽምጣና፣ አንዷን ስንኝ፣ አንድ ጊዜ።

ዓመቶቹ እንዴት እንደ ሄዱ ሳስብ ሁሉም አንድ ረጅም እኩለ ቀን ይመስለኛል። ማሳ ላይ መዝፈንን ተማርሁ። ምቱ ላይ መርገጥ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ድምፄን ከሆዴ አውጥቼ ማዶ ድረስ መላክ ሦስት። በሰው ማሳ ሁሉ ተቀበሉኝ። አጫጆቹ ለምሳ ሲያርፉ ከግራር ጥላ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ ነፋሱን አዳምጥ ነበር። ነፋሱ ከገደሉ ሲወጣ አንዳንዴ ልክ የሳክስፎን ድምፅ ያወጣል፤ ዐይኔን ስጨፍን የሆቴሉ ወለልና በመጋረጃው ቀዳዳ የሚገባው ጨረር ይታየኛል፤ ስገልጥ ደግሞ ነዶ የተሸከመች ሴት በፊቴ ታልፋለች። የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለአፍታ ይጠፋኛል፤ ይህ መጥፋት ደስ ይለኝ ነበር። ሰቆጣ ከተማም ሠርግ ሲኖር ይጠሩኝ ጀመር። አንዳንዴ ለአገሬ ሰው የድሮውን ብሉዝ በኽምጣና እዘፍንለት ነበር፤ ይህ የማን ዘፈን ነው ብለው ሲጠይቁኝ የእኛው ነው እላቸዋለሁ፤ ማንም አልተከራከረኝም።

የእኛ ማሳ ግን በየዓመቱ በዝምታ ይታጨዳል። በየዓመቱ ከፊት እቆማለሁ፣ እጨፍናለሁ፣ አወጣለሁ። በየዓመቱ ምላሽ የለም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ እቆጣለሁ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እላለሁ፣ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ፣ እሷ እንድትሰማ። እሷ ምሳዬን ቀድማ ታቀርብልኛለች።

የእኛ ሁለት ሺህ ዓመት ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ከሰቆጣ ቴሌ አንዲት ብጣሽ ወረቀት በገበያተኛ እጅ ደረሰችኝ፤ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ከአዲስ አበባ ስልክ ይጠብቅሻል የምትል። ሄጄ ተሰልፌ ጠበቅሁ። ከዚያኛው ጫፍ ያለው የድሮው ሳክስፎን ነፊ ነበር። ድምፁ አርጅቶ ነበር፤ ሳቁ ግን ያው ነው። የድሮ ዘፈኖቻችን በሲዲ ወጥተዋል፣ ወጣቶች እየፈለጉን ነው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትልቅ አዳራሽ ይዘናል፣ ነይ አለኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ እኔ ራሴ ይገርመኛል። እህቴን ይዣት እሄዳለሁ አልሁ። የትም ያልሄደችውን። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲሰማኝ ብታይ ያን ጊዜ ትቀበለኛለች ብዬ።

እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ እሺ አለች። ነጠላዋን አጥባ፣ ቆሎ ቆልታ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ አንድም ጊዜ ሳትማረር ተቀመጠች። በመስኮቱ እያየች የማን ማሳ እንደ ሆነ ትጠይቀኝ ነበር፤ በየመንገዱ ያለውን ማሳ ሁሉ የማን እንደ ሆነ የማውቅ ይመስል።

ፊት ለፊት፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ አስቀመጥኋት። አሥራ ሁለት ዓመት መድረክ ባልረግጥም ድምፄ መጣ። ባንዱ ድሮ ከነበረው የተረፈ ነበር፤ ሁለታችን የድሮ ሰዎች፣ ሌሎቹ የልጅ ልጆቻችን ሊሆኑ የሚችሉ። መጨረሻ ላይ ለባንዱ ሳልነግር ያችን የአጨዳ ስንኝ አወጣሁ። ማጭዴን ስዬ መጣሁ በማለዳ። ሳክስፎኑ ተከተለኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ፤ ደጋግሜ አወጣሁት፤ እያጠፍሁ፣ እየጎተትሁ፣ ወደ ላይ እያወጣሁ። አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ዐይኔን ስገልጥ እህቴ ተቀምጣለች፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች።

በነጋታው ጠዋት ያረፍንበት ቤት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቅን፣ ትዕግሥቴ አለቀ። እትዬ፣ ምን በደልሁሽ አልኋት። ሄድሁ፣ እሺ፤ ልጅ ነበርሁ። ተመለስሁ እኮ። አሥራ ሁለት ዓመት በማሳሽ ላይ ስለምንሽ አንድ ቃል ነፈግሽኝ። ብዙ ተናገርሁ፤ እያለቀስሁ ነበር መሰለኝ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ በኽምጣና የነገረችኝን እንዲህ አድርጌ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

«ስትዘፍኚ ሰማሁሽ። ያምራል፤ ሰውም ወደደሽ። ግን ለሰው ቦታ አትተዪም። ታወጫለሽ፤ ልቀበል አፌን ስከፍት አንቺው እዚያው ነሽ። ታጥፊዋለሽ፣ ትጎትቺዋለሽ፣ ስትጨርሺ ምቱ አልፏል። ሌላው ተጋፍቶ ይገባል፤ እኔ የት ልግባ? በየዓመቱ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ።»

አላየሁም አልኋት።

«ዐይንሽን ትጨፍኛለሽ» አለች።

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልሁ።

«ቦታ ይለመናል እንዴ?» አለችኝ። ወደ መንገዱም እያየች፦ «የሄድሽ ለታ እኔ ነበርሁ አውጪዋ። ከመንደሩ ጫፍ ትመለሳለች ብዬ አወጣሁ፤ ቦታሽን ትቼ ጠበቅሁ። ሰዉ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ቆሞ ጠበቀሽ።»

ቆሎዋን ከከረጢቷ አውጥታ አቀረበችልኝ፤ ሁለታችንም ከአንድ መዳፍ በላን።

የተነገረውን ማወቅ ሌላ፣ ጉሮሮን ማሳመን ሌላ። በቀጣዩ አጨዳ ቦታ እተዋለሁ ብዬ ማልሁ። ዐይኔንም አልጨፈንሁም፤ እያየኋት ነው ያወጣሁት። ማለዳ ላይ ደርሼ ላቆም ስል ግን ጉሮሮዬ በራሱ ጊዜ ገባ፤ አጠፈው፣ ጎተተው። አየኋት፤ አፏ ተከፍቶ ሲዘጋ አየሁ። ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። ክፍት ቦታ አይቼ አለመግባት፣ ያን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ገብሱ በዝምታ ታጨደ፤ የዚያን ዓመት ዝምታ ግን ከሁሉ የበለጠ ጮኸብኝ።

በክረምቱ ደረቴ ታመመ። ዳገት ስወጣ ያፍነኛል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ሳልጨርስ ትንፋሼ ያልቃል። ከተማው ሐኪም ቤት ያየኝ ሐኪም ወጣት ነው፤ ደረትሽን አሳርፊ፣ ከእንግዲህ መዝፈን ይቅርብሽ አለኝ። ሥራዬ ምን እንደ ሆነ አላወቀም፤ እንዳትበሪ ብሎ ወፍን የሚመክር ሰው ይመስል ነበር። መድኃኒቱን ተቀብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰቆጣን ከላይ እያየሁ፣ የቆርቆሮ ጣራዎቹ በፀሐይ ሲያብለጨልጩ፣ አርባ ምናምን ዓመት የዘፈንሁትን ሁሉ በልቤ ዘፈንሁት። ትንፋሽ የማይጠይቅ ዘፈን እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ የእኛ ማሳ ተራ ደረሰ። ሽማግሌው ሞተው ልጃቸው ወንፈሉን ይመራ ነበር። ሌላ ሰው ያውጣ አልሁት። ጣቱ የተቆረጠው ሰውዬ ከመደዳው ውስጥ ሆኖ፣ እኔ ጣቴን ከፍዬ የለመድሁትን ዘፈን አልለውጥም አለ፤ ሰዉ ሳቀ። እህቴ በዚያ ዓመት መቆም አቅቷት ነበር። ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ፣ ማጭዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ጤዛው ገና አልረገፈም። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር፤ እላዩ ላይ የተዘረጋው ብርሃን ቀስ እያለ ወደ እኛ ይመጣ ነበር።

ፊት ቆምሁ። ማጭዴን ስዬ አልሁ። ድምፄ ሻካራ ሆኖ ወጣ፤ እኔም አላወቅሁትም። መጣሁ በማለዳ። ላጥፈው ፈለግሁ፤ ልማድ ነውና ደረቴ ሞከረ። ትንፋሽ አልነበረም። አፌ ተከፍቶ ቀረ፤ ምንም አልወጣም። ሃያ ሁለት ሰው ማጭዱን ይዞ ያየኛል። አፈርሁ። ከዚህ በላይ ራቁቴን ቆሜ አላውቅም።

ከድንጋዩ ላይ ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ የደረቀ፣ ዓመታት ሙሉ ተዘግቶ የኖረ፤ ግን ያ ድምፅ፣ በልጅነቴ ማዶ ያሉትን ቀና የሚያሰኘው። በኽምጣና፣ ልክ ምቱ ላይ፣ ልክ እኔ ባቆምሁበት ቦታ።

ግቢ ከመደዳው፣ አይደለሽም እንግዳ።

ማጭዶቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሱ። ሰዉ ከእሷ ኋላ ተቀበለ፤ ሸለቆውም ተቀበለ። እህቴ ቀጠለች፤ ሁለተኛውን ስንኝ ራሷ አወጣች፣ መጨረሻው ላይ ልክ በልኩ ቦታ ልትተውልኝ ወደ እኔ አየች። እኔ ትንፋሼን እየሰበሰብሁ ተራዬን ጠበቅሁ።